እስከ ሰኞ

እህቴን ከተማው «ብረቷ» ይላታል። ይላት ነበር ልበል። አሁን «ፈሪዋ ዳኛ» ሆናለች። ባለፈው ወር እሷ የፈረደችበት የጸጥታ አዛዥ በታሰረበት በሕመም ሲሞት የድሮው ወሬ እንደ አዲስ ተነሳና ልብስ ሊያሰፉ ወደ ሱቄ የሚመጡት ሁሉ፣ እኔ ወገባቸውን እየለካሁ እነሱ እህቴን ያሙልኝ ጀመር። አፌ ላይ ስፒል ደርድሬ ስለምሠራ መልስ አልሰጥም። አሁን ግን ሰውየውም ሞቷል፣ በእሱ ላይ የመሰከረችው ልጅም ማንም የማያውቃት ቦታ ገብታ ኑሮዋን ጀምራለች። ስለዚህ ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ የማውቀውን ልናገር።

ሲጀመር፣ እህቴ ፈሪ ናት። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆች ሳለን ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ታላቋን አቅፌ የማስተኛት እኔ ታናሿ ነበርኩ። እንሽላሊት ያየችበት ክፍል ውስጥ ሳምንት ሙሉ አትገባም። ባል አግብታም ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን «በሩ ተቆልፏል? ጋዙ ተዘግቷል?» እያለች ስትቀሰቅሰው እንቅልፍ ጠልቶት፣ «እኔ ዳኛ አገባሁ እንጂ ዘበኛ ልሁን አላልኩም» ብሎ በሰላም ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ በሩን የምታስፈትሸው እኔን ነው።

ይህች ሴት እንዴት ዳኛ ሆነች ብትሉ፣ እኔም አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ። የተጻፈ ነገር አያስፈራም አለችኝ። ሰው ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ይላል፤ ሕግ ግን ትናንት ያስቀመጥሽበት ገጽ ላይ ይጠብቅሻል አለች። በአንዲት ትንሽ ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት ሥራ ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እስር ቤት ያስገባች ቀን እቤት መጥታ አስመለሳት። እንዲህ እየሆነች፣ እየፈራችም እየፈረደችም፣ ከወረዳ ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ላይ ሄዳ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ሰብሳቢ ሆነች።

ብረቷ ያሏት እዚያ ነው። ፍርድ ስታነብ ቀና ብላ ሰው አታይም። ተከሳሹ ያልቅስ፣ ይሳደብ፣ ጠበቃው ይነሳ፣ ይቀመጥ፣ ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሳም። ሰው ኩራት መሰለው። እውነቱ ግን የሰው ዓይን ካየች ድምጿ ይጠፋል። ጉልበቷም ይንቀጠቀጣል። የዳኞቹ ጠረጴዛ ከፊት ክፍት ስለነበር እግራቸው ይታያል፤ ካባዋን የምሰፋላት እኔ ነኝና ከሌሎቹ ዳኞች ካባ ከፊት ለፊት ዝቅ አድርጌ ሰፋሁላት። ጉልበቷ የሚያደርገውን ከእኔና ከካባው በቀር ማንም አያውቅም።

ሌላው ሰው የሚስቅባት ነገር ጥንቃቄዋ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቆማ ሳለች አንድ ጠበቃ ጃንጥላውን ዘርግቶ እስከ መኪናዋ ሸኛት። ጠበቃው እሷ ዘንድ ጉዳይ ነበረው። በሚቀጥለው ቀጠሮ በግልጽ ችሎት፣ «ከተከሳሹ ጠበቃ ጋር አንድ ጃንጥላ ሥር ተጠልያለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ መዝገብ እነሳለሁ» ብላ ተነሳች። ጠበቆች እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጥል ይቀልዱባታል። እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ካለፍኩት ሁለተኛ ጊዜ የማልፈው የቱን እንደሆነ አላውቅም አለችኝ።

አሁን ወደ አዛዡ ልምጣ። አዛዡ በሥልጣኑ ዘመን ሰዎችን ከየመንገዱ እያስያዘ፣ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አስገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ከሥልጣን ይውረድ እንጂ ሰዎቹ በየቢሮውና በየፖሊስ ጣቢያው እንደ ተቀመጡ ነበሩ። ከዚያ ምድር ቤት በሕይወት የወጣች አንዲት ወጣት ልጅ ብቻ ናት። እሷም ስሟ ተደብቆ፣ ሕዝቡ ከአዳራሽ ወጥቶ፣ በዝግ ችሎት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና መሰከረች። ያን ቀን እህቴ ማታ ራት አልበላችም። ስለ ሥራዋ ለእኔ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ «ልጅቷ ተናግራ ስትጨርስ፣ ይህን ሁለተኛ አታናግሩኝ ብላ ለመነችን» አለችኝ። ምን አላችኋት ብላት፣ «ሁለተኛ አትናገሪም አልኳት» አለች።

ነገሩ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። በችሎቱ አሠራር፣ ፍርድ ሳይነበብ ሰብሳቢው ዳኛ ከተለወጠ ዋናው ምስክር ለአዲሱ ዳኛ እንደገና ይሰማል። ባላየሁት ሰው ቃል እንዴት ልፍረድ ነው ነገሩ። ስለዚህ እህቴ ብትሞት ወይም ብትነሳ፣ ያቺ ልጅ ተመልሳ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆማለች። ይህን እህቴ ታውቃለች፤ የአዛዡም ሰዎች ያውቃሉ።

ፍርዱ ለሰኞ ተቀጠረ። ከዚያ ስልኩ መደወል ጀመረ። ስታነሳው የሚናገር የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰው ሮጦ መጥቶ እንደሚተነፍስ ሳይሆን ተረጋግቶ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ነው የሚተነፍሰው። አንድ ጠዋት የመኪናዋ ጎማ ብሎኖች ላልተው ተገኙ። አንድ ጠባቂ ተመደበላት፣ ሆዱ ከሽጉጡ የሚቀድም ሰውዬ፤ ብሎኖቹን ሲያይ ከእኛ ይልቅ እሱ ላበው። እኔ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መንገዱን ግራ ቀኝ ማየት ጀመርኩ። እህቴማ ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆው ከጥርሷ ጋር ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስፈራን ግን ባለ ግራጫ ጃኬቱ ሰውዬ ነው። ችሎት በተሰየመ ቁጥር በስተኋላ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። እህቴ የሰው ፊት ስለማታይ ፊቱን አታውቀውም፤ ስትገባና ስትወጣ በዓይኗ ጠርዝ የምታየው ግራጫውን ጃኬትና ዝቅ ያለውን ባርኔጣ ነው። መጀመሪያ ችሎት ብቻ ነበር። ኋላ ዳቦ ቤቱ ደጅ አየችው። ኋላ እኔ ራሴ ከቤታችን ማዶ ከምሰሶው ሥር ቆሞ አየሁት። ፀሐይ እየነደደች ጃኬቱን አላወለቀም። ሰውየው ከጃኬቱ ሥር ምን እንደያዘ እያሰብን በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት መክፈት ተውን።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ልነሳ ነው» አለችኝ። ከመዝገቡ ማለቷ ነው። ነገ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ታመምኩ ብዬ አመለክታለሁ አለች። እኔ እሰይ ነው ያልኩት። እውነቴን ነው፤ ስለ ልጅቷ አላሰብኩም፣ ስለ እህቴ ነው ያሰብኩት። እሷ ግን ደስ አላላትም። ሳህኑን እያየች፣ «ሁለተኛ አትናገሪም ብያት ነበር እኮ» አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት የካባዋ ጠርዝ ተተርትሮ ላስተካክልላት ወደ ሱቄ መጣች። ልትነሳ ወስና ካባ ማሰፋቷ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች፤ እኔ ተንበርክኬ ከሥር ስፒል እሰካለሁ። ድንገት ካባው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ፣ ከመንገዱ ማዶ ግራጫው ጃኬት ቆሟል። ወደ እኛ ነው የሚያየው።

ጠባቂው ደጅ ላይ ነበር። እንዴት እንደጠራሁት አላስታውስም፤ አፌ ላይ የነበረው ስፒል ሁሉ መሬት ላይ ነው የተገኘው። ጠባቂው መንገዱን ተሻግሮ ሽጉጡን ሲያወጣ ሰውየው አልሮጠም። እጁን ወደ ላይ አነሳ። ፖሊሶች ደርሰው ፈተሹት፤ ከጃኬቱ ሥር የተጠቀለለ ዳቦ እንጂ ሌላ አልነበረም። ማን ነህ፣ ማን ላከህ ቢሉት አልመልስ አለ። ጭነው ወሰዱት። ያን ማታ እህቴ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም ቃላችንን እንድንሰጥ ወደ ጣቢያ ተጠራን። መርማሪው ጸጉሩን አስተካክሎ ያበጠረ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰ፣ ጠዋት ላይ ብቻ «ከዳኛዋ ጋር ለብቻችን ከሆነ እናገራለሁ» እንዳለ ነገረን። እህቴ እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የአንድን ሰው ቃል ሳልሰማ አስሬ አላውቅም ብላ ገባች። በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አሁን ጩኸት እሰማለሁ፣ አሁን እሰማለሁ እያልኩ የቦርሳዬን ማንገቻ ስፌት በጥፍሬ ፈታሁት።

ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። መርማሪው ፊት ቆመችና፣ «ሰውየው እሱ አይደለም» አለች።

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ጠባቂዋ እሱ ነው ማለቱን በትሕትና አስታወሳት። እሷም ጠባቂው የያዘው እኛ ያሳየነውን ሰው ነው፣ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ የሚከታተለኝ ሰው ከዚህ ይረዝማል አለችው። ዓይኑን እያየች ነው የምትናገረው። በሕይወቷ የሰው ዓይን እያየች ስትናገር ያየኋት ያን ቀን ነው።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ እመቤቴ? ከቤታችሁ ማዶ ያዩት ይህን ሰው አይደለም?»

ገርበብ ባለው በር በኩል ሰውየው ይታየኛል። ጃኬቱ ያው ነው። ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው። ምኑም ሳይገባኝ እህቴን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች፣ እጇ ግን ቀሚሴን ከጀርባ ጨብጦ ይዟል። ነጎድጓድ ሲመጣ እንዲህ ነበር የምትይዘኝ።

«አይደለም» አልኩ።

መርማሪው ብዕሩን መልሶ አነሳ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ የሚያጣራው ትንሽ ነገር ስላለ ሰውየውን ከሰዓት እንደሚለቀው ነገረን። ያ ፈገግታ ከስልኩ ትንፋሽ በላይ አስፈራኝ። የማን ሰው እንደሆነ ማን ያውቃል።

መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደነዳች ዳር ይዛ አቆመች። ጠባቂው ጣቢያ የሚፈርመው ነገር ስለነበረው ሁለታችን ብቻ ነን። ከዚያ ሰውየው ያላትን ነገረችኝ። አንድ ቃል ሳትጨምር ነው የነገረችኝ፤ ሥራዋ ነውና ሰው የተናገረውን እንዳለ መያዝ ታውቅበታለች።

«ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው ልጄ ናት አለኝ። ያን ቀን እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ አላስገቡኝም አለ። ቤት ከገባች ወዲህ አልተናገረችም። ዳኛዋ ከሞቱ ወይ ከለቀቁ እንደገና ትጠራለች አሉኝ። እንደገና ከጠሯት ትሞትብኛለች። ስለዚህ እከተልዎታለሁ። መሣሪያ የለኝም፤ አንድ ነገር ሲመጣብዎት ግን ቢያንስ እጮሃለሁ አለኝ።»

በጎኔ ያለውን የመኪናውን በር ቆለፍኩ።

«ለፖሊስ ለምን አልነገርክም ስለው፣ ማን እንደሆንኩ ካወቁ ማን እንደሆነች ያውቃሉ አለ። ደግሞ ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት አለኝ። እስከ ሰኞ ይኑሩልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

እንግዲህ ስንፈራው የከረምነው ሰው ከእኛ ብሶ ፈርቶ ነበር። በዝግ ችሎት ባይሆን ኖሮ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታዩ ነበር። ልጅቷን የደበቀው መጋረጃ አባቷንም ደበቀብን።

እህቴ መሪውን እንደያዘች ቀጠለች። ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው አለች። ከምስክር አባት ጋር ለብቻዬ ተነጋግሬያለሁ፤ ሰኞ ይህን ተናግሬ መነሳት አለብኝ አለች። ጃንጥላው ትዝ አለኝ። ታመምኩ ብላ ማመልከት ሳያስፈልጋት፣ ማንም ፈራች ሳይላት በክብር የምትወጣበት በር ተከፍቶላት ነበር። ይህን በር ስትለምን ነው የከረመችው።

«ታዲያ ተነሺ» አልኳት። «እትዬ፣ በሞቴ ተነሺ። ሕጉ ራሱ ተነሺ ካለሽ ምን ቀረሽ?»

ይህን ስላት ስልኳ ጠራ። አነሳችውና አዳምጣ ሰጠችኝ። ያው ትንፋሽ ነው፤ ተረጋግቶ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ይተነፍሳል። ባለ ግራጫ ጃኬቱ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የሚገድሏት ሰዎች ውጭ ናቸው፤ እኛ ያሳሰርነው የሚጮህላትን ብቸኛ ሰው ነው።  ስልኩን ዘጋሁት።

እህቴ ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ መንገዱን እያየች፣ «ካባውን ለሰኞ አድርሺልኝ» አለች። «ከፊት ለፊት ትንሽ ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። መሬት እስኪነካ ጨመርኩበት። ቅዳሜና እሑድ መጋረጃ ዘግተን ተቀመጥን፤ በር በተንኳኳ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ። ሰውየው ይፈታ አይፈታ አናውቅም፤ ደውለን እንዳንጠይቅ፣ ለማናውቀው ሰው ይህን ያህል ለምን አሰባችሁ ይሉናል።

ሰኞ እኔም ችሎት ገባሁ። እህቴ ከዚያ በፊት አስገብታኝ አታውቅም። በስተኋላ በሩ አጠገብ ክፍት ቦታ አግኝቼ ስቀመጥ፣ ከጎኔ ግራጫ ጃኬት አየሁ። ጉንጩ አብጧል። አላየኝም፣ አላየሁትም። ሁለታችንም ወደ ፊት ብቻ እያየን አንድ አግዳሚ ላይ እንደማይተዋወቅ ሰው ተቀመጥን።

አዛዡ ሱፉን ለብሶ ገባ፤ ተከሳሽ ሳይሆን እንግዳ ይመስል ነበር። እህቴ ማንበብ ጀመረች። ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነሳም። ድምጿ ቀጥ ያለ ነው። እኔ የማየው ግን የካባውን ጠርዝ ነው። ያን ያህል አስረዝሜው እንኳ ንፋስ እንደገባበት መጋረጃ ይወዛወዛል። ሰው ሁሉ ፊቷን እያየ፣ ብረቷ እኮ ናት፣ እዩዋት ይባባላል። ጥፋተኛ የሚለው ቃል ሲነበብ ከጎኔ ያለው ሰው ባርኔጣውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አግዳሚውም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ የእኔ ይሁን የእሱ መለየት አልቻልኩም።

ቅጣቱ በተነበበ ማግስት እህቴ ሥራ ለቀቀች። ምክንያት፣ ጤና ብላ ጻፈች። ለእኔ ግን፣ የዋሸ ዳኛ ሌላውን ዋሸህ ብሎ አይቀጣም አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን እየተንቀጠቀጠች የተቀመጠችበትን ወንበር በአንድ ጠዋት ትታ መጣች። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ከተማው ወዲያው አፉን ከፈተ። ፈረደችና ፈርታ ሸሸች አሉ። አንዲት የጠበቃ ሚስት ሱቄ ቆማ፣ «ብረት ነው ያልናት ለካ ቆርቆሮ ናት» ብላ ሳቀች። ወገቧን በስፒል ወጋኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ግን አላዘንኩም።

ያን ቀን እየተቃጠልኩ እቤት ደረስኩ። እህቴ ሰንሰለቱን ሳትፈታ በስንጥቁ ማን ነው አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ብቻሽን ነሽ አለች። ገብቼ ሴትየዋ ያለችውን ነገርኳትና፣ ወጥቼ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ክንዴን ያዘችኝ።

«ይበሉ» አለች። «ፈርታ ነው እስካሉ ድረስ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም። ምክንያት መፈለግ ከጀመሩ ጣቢያው ድረስ ይሄዳሉ፤ ከጣቢያው ሰውየው ጋ፣ ከሰውየው ልጅቷ ጋ።» ከዚያ ክንዴን ለቃ፣ «ደግሞም ውሸት አላሉም። ፈርቻለሁ» አለች።

እንዴት አትፈራ። ዳኛ አይደለችምና ጠባቂው ተነስቷል። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል። ጋዙን አይታ ተመለሰችና መስኮቱ አጠገብ፣ መጋረጃው እንዳይነቃነቅ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ራሷ ለማየት አልደፈረችም።

«አንቺ እዪልኝ» አለችኝ። «አለ?»

መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግኩ። ሰኞ ካለፈ ሰንብቷል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ግራጫ ጃኬት ለብሶ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ቆሟል።

«አለ» አልኳት።

እህቴ ሄዳ ተኛች።